«በሉ፣ ልቅደማችሁ»፦ ሳይጨረስ የቀረው የሳቶሺ ኮን ፊልም

አንድ የአኒሜሽን ፊልም አለ። ስክሪፕቱ ተጽፏል። ስቶሪቦርዱ፣ ማለትም ፊልሙ ቁራጭ በቁራጭ በሥዕል የሚታቀድበት፣ ተስሏል። 1500 ያህል ሾቶች (ካሜራው ሳይቆረጥ የሚያሳያቸው ቁራጮች) ሊኖሩት ታስቦ 600 የሚሆኑት ተሠርተዋል። ተመልካች ግን አላየውም። በጃፓንኛ «ዩሜ ሚሩ ኪካይ» ይባላል፤ «ሕልም የምታይ ማሽን» እንደማለት ነው። ዳይሬክተሩ ሳቶሺ ኮን ኦገስት 24 ቀን 2010 በ46 ዓመቱ አረፈ። ፊልሙን ሌሎች ሊገፉት ሞከሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ቆመ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን ቆመ ሲባል ብዙ ሰው «ገንዘብ ስላጠረ ነው» ይላል። ውሸት አይደለም። ግን በአኒሜሽን ዓለም ዳይሬክተር ሞቶ ሥራው በሌላ ሰው እጅ ሲያልቅ አዲስ ነገር አይደለም። ስክሪፕትና ስቶሪቦርድ ካለ ካርታው አለ ማለት ነው። ታዲያ ይኼኛው ካርታው እያለ መንገዱ ለምን ጠፋ? እኔን የሚያብሰለስለኝ ይሄ ነው። መልሱን ለማግኘት ሰውየው እንዴት ይሠራ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል።

ኮን በ1963 በሰሜን ጃፓን፣ በሆካይዶ ደሴት ተወለደ። ቶክዮ መጥቶ ሙሳሺኖ የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ገና ተማሪ ሳለ ማንጋ፣ ማለትም የጃፓን የሥዕል ታሪክ መሳል ጀመረ። ከዚያ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው የማንጋ ሰዓሊና ዳይሬክተር ካትሱሂሮ ኦቶሞ ረዳት ሆነ። ወደ አኒሜሽን የገባውም በዚያ በር ነው።

ሲገባ የያዘው ሥራ ሌአውት ነበር። ሌአውት ማለት እያንዳንዱ ሾት ከመሠራቱ በፊት ካሜራው የት እንደቆመ፣ ሰውየው ከበሩ ምን ያህል እንደራቀ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ የሚወስን ሥዕል ነው። ቤት ለመሥራት መሠረቱ ላይ ክር እንደመወጠር በሉት። ክሩ ከተጣመመ ግድግዳውም ይጣመማል። ኮን በ1993 በማሞሩ ኦሺ «ፓትሌበር 2» ፊልም ላይ ይህንን ሥራ ሠርቷል። በ1995 ደግሞ «ሜሞሪስ» ለተባለው የሦስት አጫጭር ፊልሞች ስብስብ የአንዱን ስክሪፕት ጻፈ። የጠፈር ጥራጊ ሰብሳቢዎች የድረሱልን ጥሪ ይሰማሉ። ሄደው ሲያዩ የሚጠብቃቸው የሞተች የኦፔራ ዘፋኝ ትዝታ ነው። ትዝታው እንደ ቤት የሚገባበት ሆኖ ይውጣቸዋል። በኋላ የመጡት የኮን ፊልሞች ፍሬ እዚያ ውስጥ አለ።

ዳይሬክተር ሆኖ የሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ «ፐርፌክት ብሉ» የመጣው በጎን በር ነው ማለት ይቻላል። ታሪኩ የዮሺካዙ ታኬኡቺ ልብወለድ ነው። መጀመሪያ የታሰበው በሰው ተዋንያን የሚሠራ ፊልም እንዲሆን ነበር። በጃንዋሪ 1995 ኮቤን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ዕቅዱን አናጋው፤ በጀቱም ተቀነሰ። ስለዚህ ለቪዲዮ ገበያ የሚሆን ርካሽ አኒሜሽን ይሠራ ተባለ። ለኮን የተነገረው ዘፋኟ፣ አስፈሪነቱና የሚከታተላት አድናቂ እስካሉ ድረስ ሌላውን እንደፈለገ መቀየር እንደሚችል ነው። ከስክሪፕት ጸሐፊው ሳዳዩኪ ሙራይ ጋር ሆኖ ቀየረው። ለቪዲዮ የታሰበው ሥራ አድጎ በ1997 ሞንትሪያል በተካሄደው የፋንታዥያ ፌስቲቫል በሲኒማ ታየ።

ሚማ የምትባል የፖፕ ዘፋኝ ቡድኗን ትታ ተዋናይ ትሆናለች። ከዚያ የቀድሞዋ «ሚማ»፣ መድረክ ላይ የምትስቀው፣ ከመስታወት ውስጥ ታያት ጀመር። የምትሠራበት ድራማም ማንነቷ የጠፋባት ሴት ታሪክ ነው። ሚማ ከአልጋዋ ትነሳለች፤ ይሄ ሕይወቷ ነው እንላለን። «ከት!» ይባላል፤ ለካ ቀረጻ ላይ ናት። ከአልጋዋ እንደገና ትነሳለች። አሁን የቱ ነው? ኮን አይነግረንም። ሾቱን ቀይሮ ያልፋል። እኛ ሀገር ካርቱን ሲባል የልጅ ነገር ይመስላል። ይህንን ፊልም ግን ልጆች ባሉበት እንዳትከፍቱት አደራ። የሴት ልጅ ጥቃትና ግድያ ያለበት ከባድ ሥራ ነው።

በ2001 የመጣውን ፊልም «የሺህ ዓመት ተዋናይት» ልበለው። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄንን ነው። ከሲኒማ የራቀች አንዲት አሮጊት ተዋናይ፣ ቺዮኮ፣ ሕይወቷን ለአንድ ዶክመንተሪ ሠሪ ትተርካለች። ልጅ ሳለች አንድ የሚሸሽ ሰዓሊ ደብቃ ነበር። ሰውየው ቁልፍ ትቶላት ይጠፋል። ዕድሜዋን ሙሉ እሱን ስትፈልግ ትኖራለች። ስታወራ ግን ሕይወቷና የሠራችባቸው ፊልሞች ይደባለቃሉ። ጠያቂውና ካሜራማኑም ትዝታዋ ውስጥ ገብተው አብረዋት ይሮጣሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ላሳያችሁ። ፊልሙ ውስጥ ቺዮኮ የምትሮጥበት ረጅም ክፍል አለ። በፈረስ ትጋልባለች። ትንሽ ቆይቶ ሰው በሚጎትተው ጋሪ ላይ ናት። ከዚያ በብስክሌት ላይ። ልብሷ ይቀየራል፣ ዘመኑ ይቀየራል፣ የጃፓን ታሪክ ከኋላዋ ያልፋል። የማይቀየረው የምትሄድበት አቅጣጫና ፊቷ ላይ ያለው ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ዓይናችን አይደናቀፍም። ብዙ መቶ ዓመት በደቂቃዎች ውስጥ አልፎ «አሁን የት ደረስን?» ብለን አንጠይቅም። አብረን መሮጥ ብቻ ነው።

የኮን ሙያ እዚህ ላይ ነው ያለው። ሌላው ዳይሬክተር ሕልም ሲያሳይ ጭጋግ ያመጣል፣ ሙዚቃውን ያስተጋባል፣ «አሁን ሕልም ነው» ብሎ ይጠቁማል። ኮን ምልክቱን በሙሉ አነሳው። የአንዱ ሾት መጨረሻና የሚቀጥለው ሾት መጀመሪያ በቅርጽ ወይም በእንቅስቃሴ ይገጥማሉ፤ ቦታውና ጊዜው ግን ሌላ ነው። ይህ ደግሞ በኋላ በኤዲቲንግ የሚመጣ ነገር አይደለም። እጇ የት ደረጃ ላይ ሲደርስ ይቆረጥ፣ ቀጣዩ ሥዕል ስንት ፍሬም (ፊልሙ የሚገነባበት አንድ አንድ ምስል) ዘግይቶ ይጀምር፣ ሁሉም ስቶሪቦርዱ ላይ ይወሰናል። ስቶሪቦርዱን የሚስለው ራሱ ነበር። የሌአውት ሰው ስለነበረም ሥዕሎቹ ከጠቋሚ ንድፍ ያለፉ ነበሩ፤ ሌላው ሠራተኛ መለኪያ አድርጎ ይይዛቸዋል።

ይህንን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በ2003 «ቶክዮ ጎድፋዘርስ» መጣ። ሦስት ጎዳና አዳሪዎች በፈረንጆች ገና ዋዜማ ቆሻሻ ውስጥ የተጣለች ሕፃን ያገኛሉ። ሕልም የለበትም፤ ቶክዮ፣ በረዶና ሰው ነው ያለበት። በ2004 «ፓራኖያ ኤጀንት» የተባለ ባለ 13 ክፍል ተከታታይ ለቴሌቪዥን ሠራ፤ ከፊልሞቹ የተረፉ ሐሳቦችን ሰብስቦ።

በ2006 «ፓፕሪካ» ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ ለውድድር ቀረበ። የያሱታካ ትሱትሱይ ልብወለድ ነው። የሰው ሕልም ውስጥ የሚያስገባ መሣሪያ ይሰረቃል፤ የሰዎች ሕልም እርስ በርሱ ይፈስሳል። የሠሪዎቹ ስም የሚወጣበትን መግቢያ አታሳልፉት። የሰው ሕልም ውስጥ የምትገባዋ ፓፕሪካ በሞተር ትወጣለች። የጭነት መኪና ጎን ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ውስጥ ትገባለች። ቢሮ ውስጥ አምሽቶ ጠረጴዛው ላይ የተኛ ሠራተኛ ጃኬት ታለብሰዋለች። ሁለት ወንዶች ሲለክፏት ደግሞ የአንዱ መንገደኛ ቲሸርት ላይ የታተመች ምስል ሆና ታመልጣለች። ቃል የለም። የሱሱሙ ሂራሳዋ ሙዚቃ ብቻ ነው ያለው። እሱ ሲያልቅ የዚህች ልጅ ጠባይ ገብቶናል፤ የፊልሙ ሕግም ገብቶናል።

ተጽዕኖው ከጃፓን ውጭ የተሰማው ገና በሕይወቱ ሳለ ነው። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ዳረን አሮኖፍስኪ በ2000 ባወጣው «ሬኩዌም ፎር ኤ ድሪም» ውስጥ አንዲት ሴት ገንዳ ውስጥ ገብታ ውሃ ሥር ትጮኻለች። «ፐርፌክት ብሉ» ውስጥ ሚማ የሆነችውን ነው የሆነችው። ሁለቱ ሲገናኙ አሮኖፍስኪ ለእሱ ክብር ብሎ እንደሠራው እንደነገረው ኮን ጽፏል። «የፊልሙን መብት ገዝቶ ነው» የሚል ወሬ እስከዛሬ ይዞራል፤ አልገዛም። በ2010 የወጣው «ብላክ ስዋን» ሲታይ ተመልካቹ ሚማን አስታወሰ። አሮኖፍስኪ መመሳሰሉን አምኖ፣ ከእሱ የመጣ ግን አይደለም ብሏል። የክሪስቶፈር ኖላን «ኢንሴፕሽን» የወጣውም በዚያው ዓመት ነው፤ ከ«ፓፕሪካ» ጋር የሚያስተያዩት ብዙ ናቸው። እኔ «ሰረቀ» የሚለውን ክርክር አልወደውም። ኮን ራሱ ሁለት ልብወለዶችን ወስዶ የራሱ አድርጓል። ለእኔ ትልቁ ተጽዕኖ ሌላ ነው፤ የፊልም ተማሪዎች ዛሬ ሾት ከሾት እንዴት እንደሚጋጠም ሲማሩ የእሱን ፊልሞች ፍሬም በፍሬም እያቆሙ ያያሉ። ከሞተ ከዓመታት በኋላ፣ አኒ የተባለው የአሜሪካ የአኒሜሽን ሽልማት ሰጪዎች ለዕድሜ ልክ አስተዋጽኦ የሚሰጠውን የዊንሰር ማኬይ ሽልማት ሰጡት።

ስሙ ይህን ያህል ይግነን እንጂ ፊልሞቹ ሲኒማ ቤት ሰልፍ አላስያዙም። ለቀጣዩ ገንዘብ መፈለግ ሁልጊዜ ሥራ ነበር። ያን ሥራ በትከሻቸው የተሸከሙት ፕሮዲዩሰሩ ማሳኦ ማሩያማ ናቸው። በ1972 የተቋቋመው ማድሀውስ ስቱዲዮ መሥራቾች አንዱ ናቸው። የኮን ፊልሞች ሁሉ የተሠሩት እዚያ ነው።

«ሕልም የምታይ ማሽን» ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። በውስጡ ሰው የለም። ሮቦቶች ብቻ ናቸው፤ ሰው በሌለበት ዓለም መንገድ ይጀምራሉ። ከዚህ በፊት የሠራው ሁሉ ለአዋቂ ነበር። ይሄኛውን ልጆችም እንዲያዩት ነው ያሰበው። ታሪኩም ከማንም አልተወሰደም፤ ከራሱ የፈለቀ ነው።

ሜይ 18 ቀን 2010 ሐኪም ከባለቤቱ ጋር አስቀምጦ ነገረው። የቆሽት (ፓንክሪያስ) ካንሰር ነው፣ አጥንት ውስጥ ገብቷል፣ ቢበዛ ግማሽ ዓመት። ኮን ለጥቂት ሰዎች ብቻ ተናገረ። ቤቱ ሆኖ መሞት ፈለገ። የሥራዎቹን መብት የሚይዝ አነስተኛ ድርጅት በወዳጆቹ እርዳታ አቋቋመ፤ ኑዛዜውን አዘጋጀ። በጁላይ የሳንባ ምች ይዞት አበቃለት ተባለ፤ ተርፎ ቤቱ ገባ። ከዚያም ረጅም የስንብት ደብዳቤ ጻፈ። በሞተ ማግስት ቤተሰቡ አወጣው።

ደብዳቤውን ማንበብ ከባድ ነው። ግን ሙሾ የለበትም። ለወላጆቹ የተናገረው መጨረሻ አካባቢ ነበር። ከሳፖሮ መጡ። እናቱ ገና ሲያዩት ያሉት «ጠንካራ አድርጌ ስላልወለድኩህ ይቅር በለኝ» ነው። ኮን ምንም ሊመልስላቸው አልቻለም።

ስለ ፊልሙ የጻፈው ቦታ ላይ ደግሞ ለጥያቄዬ መልስ አገኘሁ። የቆጨው የፊልሙ አለማለቅ ብቻ አይደለም። እስከዚያ የተሳሉት ሥዕሎች፣ የሠራተኞቹ ድካም፣ ሰው ዓይን ሳይገባ መቅረቱ ነው። ከዚያ ጥፋቱን ወደራሱ ያዞራል። ታሪኩ፣ ስክሪፕቱ፣ ገጸ ባሕርያቱ፣ የዓለሙ አሠራር፣ ስቶሪቦርዱ፣ የሙዚቃው መልክ፣ ሁሉም ያለው እሱ ውስጥ ነው። ለአኒሜሽንና ለሥዕል ኃላፊዎቹ ለማካፈል ሞክሯል። ግን አብዛኛው ነገር እሱ ካልሆነ ማንም የማይረዳው፣ ማንም ሊሠራው የማይችለው ሆነ። እንዲህ አድርጌ ያቀድኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋተኛ ብትሉኝ አልከራከርም ይላል።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ይሄ ነው። ቺዮኮን ከፈረስ ወደ ብስክሌት ያለ እንቅፋት ያሻገራት ዓይን ወረቀት ላይ ሙሉ በሙሉ አይወርድም። ስቶሪቦርዱ ምን እንደሚታይ ይናገራል። የመጣው አኒሜሽን ትክክል መሆኑን፣ ሁለት ፍሬም ይቀነስ ወይም ይጨመር የሚለውን ግን የሚያውቀው ሥዕሉን ሲያይ አንገቱን የሚነቀንቀው ሰው ነው። የኮን ጥንካሬ ሁሉን በራሱ ጭንቅላት መያዙ ነበር። ፊልሙን ያስቆመውም እሱው ነው።

ማሩያማ ሊጠይቁት ቤቱ ሄዱ። ኮን ፊታቸውን ሲያይ እንባው አልቆም አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንዲህ ሆኜ ቀረሁ» አላቸው። ማሩያማ ቃል አልወጣቸውም። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሁለት እጆቹን ያዙ። ስለ ፊልሙ ሲያነሳባቸው ግን «አይዞህ፣ አንድ ነገር እናደርጋለን፣ አታስብ» አሉት። አለቀስኩ ይላል ኮን፤ ስቅስቅ ብዬ።

የደብዳቤው የመጨረሻ ቃል «ኦሳኪ ኒ» ነው። ጃፓን ውስጥ ሠራተኛ ባልደረቦቹ ገና ሥራ ላይ እያሉ ቀድሞ ከቢሮ ሲወጣ የሚላት ናት። እኛ «በሉ እንግዲህ፣ ልቅደማችሁ» እንደምንለው። ከዚያ በፊት በዓለም ላይ ላለው መልካም ነገር ሁሉ አመስግኗል።

ማሩያማ ቃላቸውን ሊጠብቁ ሞከሩ። የገጸ ባሕርያቱ ዲዛይነር ዮሺሚ ኢታዙ ዳይሬክተርነቱን ተረከበ። ግን ማድሀውስ ራሱ አቅም አጥሮት ነበር፤ በ2011 ኒፖን ቴሌቪዥን ዋና ባለድርሻው ሆነ። ማሩያማ በዚያው ዓመት ወጥተው በ70 ዓመታቸው ማፓ የሚባል አዲስ ስቱዲዮ ከፈቱ። 600 ሾት አለን፣ ገንዘብ ስናገኝ እንጨርሰዋለን ይሉ ነበር።

በ2018 ግን ቁርጡን ተናገሩ። አራት አምስት ዓመት የሚተካው ዳይሬክተር ፈልገዋል። ሌላውን የጃፓን አኒሜሽን ዳይሬክተር፣ ማሞሩ ሆሶዳን ለምሳሌ ጠቀሱ። እሱ ቢሠራው ጥሩ ፊልም ይወጣዋል፤ ግን የሆሶዳ ፊልም ይሆናል። ኮንን የሚመስል ቢገኝም አስመሳይነቱ ይታያል። የኮን ፊልም የኮን ብቻ መሆን አለበት አሉ።

እዚህ ላይ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ። ኮን የተጨነቀው ለሠራተኞቹ ሥዕል ነበር፤ ይታይላቸው ብሎ። በዚህ መንገድ ደግሞ አልታየላቸውም። ያም ሆኖ ማሩያማ ትክክል ናቸው እላለሁ። ምክንያቱን የሚያሳይ ሌላ ያላለቀ የኮን ሥራ አለ። በ1996 «ኦፐስ» የሚባል ማንጋ እየሳለ መጽሔቱ ተዘጋ። አንድ የማንጋ ሰዓሊ ራሱ በሳለው ታሪክ ውስጥ ይወድቃል፤ ታሪኩ እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ። ኮን ከሞተ በኋላ የመጨረሻው ምዕራፍ ንድፍ ተገኘ። በእርሳስ እንደተሞነጫጨረ አሳተሙት። ይነበባል፣ ደስም ይላል። ማንጋ ንድፍ ሆኖም የሰዓሊው እጅ ነው። ገጹን በምን ፍጥነት እንደምንገልጠው የምንወስነው እኛ ነን። አኒሜሽን ላይ ፍጥነቱን የሚወስነው ዳይሬክተሩ ነው። የኮን ፊልም ያለ ኮን ፍጥነት ሌላ ነገር ነው። እኔ ብጠየቅ ስቶሪቦርዱና 600ው ሾት፣ የሠሪዎቹ ስም ተጽፎባቸው፣ እንዳሉ ቢታዩ እመርጣለሁ። ሳይሞላ፣ ሳይቀጠል።

ኮን ጨርሶ ያስረከበው የመጨረሻ ፊልም አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ኤንኤችኬ ለተባለው የጃፓን ቴሌቪዥን ጣቢያ ከሌሎች ዳይሬክተሮች ጋር የሠራው ነው። «ኦሃዮ» ይባላል። አንዲት ልጅ ጠዋት ትነሳለች። ግን ግማሿ ነው የተነሳው፤ ሌላዋ እሷ ገና አልጋ ላይ ናት። አንዷ ትራመዳለች፣ አንዷ እንቅልፏን እየጎተተች ከኋላ ትከተላለች። ፊቷን ስትታጠብ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ያኔ «ኦሃዮ» ትላለች። ደህና አደርክ፣ ደህና አደርሽ ማለት ነው።